እማዬን ይዤ ሚንሹኩ ያደርኩ ጊዜ

ጃፓን ከሚማሩ የሀገሬ ልጆች አንዱ ወላጆቹን ሊያስመጣ ባሰበ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ጥያቄው ያው ነው፤ «እናቴን ሆቴል ላሳርፋት ወይስ እነዚያ የገጠር ቤቶች ይሻላሉ?» በስልክ ሳወራ ግማሹን እረሳዋለሁ፤ ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጠው። በተለይ የሚጾም፣ ጉልበቱን የሚያመው ወይም ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ የሚከብደው ሰው ይዛችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ አታቋርጡት።

ቤቶቹ ሚንሹኩ ይባላሉ። አንድ ቤተሰብ ራሱ ከሚኖርበት ቤት ከፊሉን ለእንግዳ ያከራያል። አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው የሚያስተዳድሩት፤ እነሱው ያበስላሉ፣ እነሱው ይቀበላሉ፣ እነሱው ያጸዳሉ። አልጋ የለም። ታታሚ በሚባለው የሣር ምንጣፍ ወለል ላይ ፍራሽ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም የጋራ ነው። ሂሳቡ የሚታሰበው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስ ጨምሮ ከ8,000 እስከ 12,000 የን አካባቢ ብላችሁ ያዙ። ሪዮካን ከሚባለው ባህላዊ ሆቴል ጋር እንዳታምታቱት። ሪዮካን ሠራተኛ አለው፤ እራት ስትበሉ ፍራሻችሁን አንጥፈው ይጠብቋችኋል። ሚንሹኩ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ፍራሹን ከቁም ሳጥን አውጥታችሁ የምታነጥፉት፣ ጠዋትም የምታጥፉት እናንተው ናችሁ። ፎጣና የጥርስ ብሩሽ የማይሰጡ ቤቶችም አሉ።

ሆቴሉን ትቼ ወደዚህ ያመራሁት በእማዬ ንቅሳት ምክንያት ነው። እማዬ የጎጃም ሰው ናት፤ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ዙሪያ ደግሞ ልጅ ሳለች የተነቀሰችው ንቅሳት አለ። ለጉልበቷ ይሆናታል ብዬ መጀመሪያ ያየሁት ፍል ውሃ ያለው ትልቅ ሆቴል ነበር። ደንቡን ሳነብ «ንቅሳት ያለው ሰው የጋራ መታጠቢያ መግባት አይችልም» ይላል። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ከያኩዛ፣ ማለትም ከወንጀለኛ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ እንዲህ የሚከለክሉ ፍል ውሃ ቤቶች ብዙ ናቸው። እማዬን በያኩዛነት የሚጠረጥራት ሰው ይኖራል ማለቴ አይደለም፤ ግን በር ላይ ቆሜ አንገቷን እያሳየሁ ሳስረዳ ታየኝና ተውኩት። በትንሽ ሚንሹኩ መታጠቢያው አንድ ነው፤ እንግዳው በየተራ፣ ከውስጥ ቆልፎ ይገባል። ሁሉም ቤት እንደዚያ ስላልሆነ ግን ከመያዛችሁ በፊት «ብቻችንን ነው የምንገባው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቤቱን አኗኗር ትንሽ አውቀው ነበር። እማዬ ከመምጣቷ በፊት፣ ቅጠሉ በሚቀላበት ወቅት፣ ከላቦራቶሪ ጓደኞቼ ጋር ኪሶ ሸለቆ አድሬያለሁ። ኪሶ ከናጎያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ጠባብ የተራራ ሸለቆ ነው። በድሮ ዘመን ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ወደ ኪዮቶ ይወስድ የነበረው የናካሰንዶ መንገድ በዚያ ያልፋል። መንገደኛ የሚያድርባቸው 69 መንደሮች ነበሩት፤ ትሱማጎ 42ኛዋ፣ ማጎሜ 43ኛዋ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን 8 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሰው ዛሬም በእግሩ ይሄደዋል፤ ድብ እንዲሸሽ የሚደወል ደወል እዚህም እዚያም ተሰቅሏል። ትሱማጎ ውስጥ ቀን ቀን መኪና በዋናው መንገድ አያልፍም። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ከተስማሙ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ያን ማታ እራት ላይ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ደማቅ ቀይ ጥሬ ሥጋ ቀረበ፤ ከጎኑ የተፈጨ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት። ጥሬ ሥጋ ከናፈቀኝ ሰንብቶ ነበርና ዓይኔ በራ። የቤቱ ባለቤት «ሳኩራ» አሉኝ። እኔ ሳኩራ ሲባል የማውቀው አበባውን ነው፤ ስለ ቀለሙ የሚያወሩ መስሎኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ጎረስኩ። ከዋጥኩ በኋላ ጓደኛዬ ስልኩ ላይ የፈረስ ፎቶ አሳየኝ። ኪሶ ያለበት የናጋኖ ክልል ሰው የፈረስ ጥሬ ሥጋን ለእንግዳ የሚያቀርበው በክብር ነው። በስኳርና በአኩሪ አተር ሶስ የተቀቀለ አንበጣና የተርብ እጭም የዚያው አካባቢ ምግብ ነው። ያን ሌሊት ሆዴን ምንም አላመመኝም፤ ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሳህን እማዬ ፊት ቢቀርብ እራቱ እዚያው እንደሚያበቃ አውቃለሁ።

እማዬ የመጣችው ደግሞ በጾመ ነቢያት ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ባለው። ዓሣ እንኳ የማትነካ ጿሚ ናት። መቼም የአውሮፕላን ቲኬት የሚረክስበትን ጊዜ እንጂ የጾሙን ካሌንደር አይቼ አልነበረም ቀኑን የቆረጥኩት።

መጀመሪያ በኢንተርኔት አንድ ቤት ያዝኩና ማስታወሻው ላይ «አትክልት ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። «ችግር የለም፣ ዓሣ አለን» የሚል መልስ መጣ። ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ ዓሣ የገባበት መረቅም እንደማይቻል ሳብራራ ረጅም ይቅርታ ተጽፎ መጣና ቦታው ተሰረዘ። ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ጃፓን ውስጥ የወጡ ሁሉ መሠረት ዳሺ የሚባል መረቅ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ቦኒቶ ዓሣ ይወጣል። የሚሶ ሾርባው ውስጥ አለ፣ የተቀቀለው ዱባ ውስጥ አለ፣ የሶባ ፓስታው ማጥቀሻ ውስጥ አለ፤ ቆስጣው ላይ ሳይቀር እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ተነስንሶ ይመጣል። ከሁሉም አውጡልኝ ማለት ለአንድ ሰው ሌላ ኩሽና ክፈቱ ማለት ነው።

መላ የሰጠችኝ ዩኒቨርሲቲያችን ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ሴት ናት። «ቪጋን የሚለውን ተወው፤ ገጠር ያሉ አዛውንቶች ላያውቁት ይችላሉ። ሾጂን በላቸው» አለችኝ። ሾጂን የቡዲስት መነኮሳት የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ መረቁም የሚወጣው ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ሁለተኛው ምክሯ በኢንተርኔት ሳይሆን በመንደሩ የቱሪስት መረጃ ቢሮ በኩል በስልክ መያዝ ነበር። ሽማግሌዎች የሚያስተዳድሯቸው ብዙ ቤቶች ኢንተርኔት ላይ የሉም፤ ቢሮው ግን ማን ምን ማብሰል እንደሚችል ያውቃል። እሷው ደወለችልኝ። «የእንግዳዬ እናት በሃይማኖታቸው ጾም ላይ ናቸው» ስትል ከወዲያ ያለው ድምፅ ወዲያው ተለወጠ።

ከሁለት ቀን በኋላ የቤቱ እመቤት ራሳቸው ደወሉ። ጥያቄያቸው እንደ ሐኪም ነው፤ የባሕር አረም ይበላሉ? እንጉዳይስ? ቶፉ? ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይበሉም አይደል?» አሉኝ። ለካ የእነሱ መነኮሳት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ክልክል ነው። ያለ ሽንኩርት የጾም ወጥ ሲታሰበኝ ሳቄ መጣ፤ «ሽንኩርቱ እንኳ ይፈቀድላታል» አልኳቸው። ቁርሱ የባሰ አስቸጋሪ ነበር፤ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። እሳቸው ግን «እንግዲያው የሩዝ ድብልብል ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ፣ ሰዓታቸው ሲደርስ ይበሉታል» ብለው ዘጉት።

እዚህ ላይ ላሳስባችሁ። የእኛ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «እዚያ ስንደርስ ያለውን እንበላለን፣ ለምን እናስቸግራቸው» ይላል። ሚንሹኩ ውስጥ ትልቁ ማስቸገር ይኼ ነው። ሴትዮዋ ገበያ የሚወጡት ስንት ሰው እንደሚያድር ቆጥረው ነው፤ ማቀዝቀዣቸው የሆቴል ማቀዝቀዣ አይደለም። እራት ቀርቦ ሳለ «አልበላም» ስትሏቸው መተኪያ ስለሌላቸው ያፍራሉ። ከሳምንት በፊት ብትነግሯቸው ግን ያስቡበታል፤ እንዲያውም የሚያኮራቸው ይመስለኛል። በመጨረሻ ሰዓት መቅረትም እንደዚሁ ነው፤ በቀኑ የሰረዘ ሰው ሙሉውን እንዲከፍል የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

ወደ ትሱማጎ ጉዞው እንዲህ ነው። ከናጎያ በቹኦ መስመር ናካትሱጋዋ፤ «ራፒድ» የሚባለው ባቡር ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። ከዚያ በትንሹ ባቡር ናጊሶ፤ ከናጊሶ ትሱማጎ ደግሞ በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን ከናካትሱጋዋ በኋላ ባቡሩ በየሰዓቱ ላይኖር ይችላል፤ አውቶቡሱም ቶሎ ያበቃል። ትልቁን ሻንጣ ከቤት ወደ ቤት በሚያደርስ የዕቃ መላኪያ ቀድማችሁ ላኩት፤ የሚንሹኩ ደረጃ የቆጥ መሰላል ያህል ቀጥ ያለ ነው፣ ጎማ ያለው ሻንጣም ታታሚ ላይ አይጎተትም። ማጎሜና ትሱማጎ መካከል ያለው የቱሪስት ቢሮዎቹ የሻንጣ ማመላለስ አገልግሎት በብርዱ ወራት ስለሚቋረጥ በታኅሣሥ እሱን አትጠብቁ።

ናካትሱጋዋ ላይ ባቡሩ አመለጠን። የእማዬ ጉልበት በደረጃው ቸኩሎ አይወርድም፤ እኔም አላቻኮልኳት። ቀጣዩ ሩቅ ነበር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ ተራራው ጥላ ውስጥ ገብቶ ይጨልማል። ከባቡር ጣቢያው ደወልኩ። ሴትዮዋ ምንም ሳያቅማሙ «ናጊሶ ስትደርሱ ውጭ እንዳትቆሙ፣ ውስጥ ተቀመጡ» አሉኝ፤ ስንደርስ ባለቤታቸው ትንሿን መኪናቸውን አስነስተው እየጠበቁን ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ከጣቢያ ይቀበላሉ፤ ሲያዝ ጠይቋቸው። ብትዘገዩም ባትዘገዩም ደውሉ፤ እራት የሚበሰለው በእናንተ መድረሻ ሰዓት ነው። ስለ ሰዓት ካነሳን፣ እነሱ 18:00 ብለው የሚጽፉት የእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው። ለእማዬ «እራት በስድስት» ብላት እኩለ ሌሊት መስሏት ደንግጣለች።

ፓስፖርቷን በእጅ ያዙ። ጃፓን ውስጥ አድራሻ የሌለው የውጭ ሰው የሚያድርበት ቤት ፓስፖርቱን አይቶ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እኔ ነዋሪ ስለሆንኩ አድራሻዬን መጻፍ በቂ ነበር። ሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ ከላካችሁት ግን ጉድ ነው።

በሩ ላይ እማዬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሴትዮዋም ጎንበስ አሉ። እማዬ ቀና ልትል ስትል እሳቸው ገና ጎንበስ እንዳሉ አይታ ደግማ ወረደች፤ እሳቸውም እንደዚያው። እኔና ባለቤታቸው ጫማችንን አውልቀን ጨርሰን ቆመናል፤ ሁለቱ ግን ገና አልጨረሱም። ጫማ የሚወልቀው ከታች ባለው መሬት ላይ ነው፤ ከዚያ የኮሪደር ነጠላ ጫማ ይደረጋል፤ ታታሚ ላይ በካልሲ ብቻ ይገባል፤ ሽንት ቤት ደግሞ የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፣ እዚያው ይቀራል። እማዬ በሽንት ቤቱ ነጠላ ጫማ ሳሎን ድረስ መጣች። ማንም ምንም አላላትም፤ የልጅ ልጃቸው ብቻ አፏን በእጇ ይዛ ሮጠች።

ብርዱን አቅልዬው ነበር። የጃፓን የገጠር ቤት በሙሉ አይሞቅም፤ የሚሞቀው ያላችሁበት ክፍል ብቻ ነው። ኮሪደሩና ሽንት ቤቱ የውጭውን ያህል ይበርዳል። ክፍላችን ውስጥ በኬሮሲን የሚሠራ ማሞቂያና ኮታትሱ ነበር፤ ኮታትሱ ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ነው፤ እግርን ከሥሩ ከትቶ መቀመጥ ነው። እማዬ አንዴ ከገባችበት በኋላ የሚያስወጣት አልተገኘም። ወፍራም ካልሲ፣ ከሥር የሚለበስ ሙቀት ጠባቂና ካላችሁ ጋቢ ያዙ። ጋቢው ለኮሪደሩ ከምንም ነገር በላይ ጠቀመን። የኬሮሲን ማሞቂያው ለሦስት ሰዓት ከነደደ በኋላ እየጮኸ ራሱን ያጠፋል፤ ደህንነት ነው፣ አትደንግጡ፣ ማራዘሚያ ቁልፍ አለው። በየመካከሉ መስኮቱን ገርበብ አድርጉ፤ ስትተኙ ደግሞ አጥፉት። ሴትዮዋ ሲመሽ በጨርቅ የተጠቀለለ የፈላ ውሃ መያዣ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገቡልን፤ እስከ ጠዋት ሞቆ አደረ።

እራቱ በትንንሽ ሳህኖች መጣ። ከሰሊጥ የተሠራ ቶፉ፣ ሊጡ እንቁላል የሌለበት የአትክልት ጥብስ፣ በባሕር አረም መረቅ የተቀቀለ ዱባና እንጉዳይ፣ ሩዝ። ከዚያ ጎሄይ ሞቺ፤ የተወቀጠ ሩዝ በእንጨት ላይ ተጠፍጥፎ፣ ለውዝ የመሰለ የዋልነት ፍሬና ሚሶ ተቀብቶ በፍም የተጠበሰ። አንዷ ሳህን ውስጥ የጠወለገ ጎመን የመሰለ ነገር ነበር። እማዬ ቀመሰችና ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች። «ይኼማ እርሾ ነው» አለች። ሱንኪ ይባላል፤ የኪሶ ሰዎች ተርኒፕ የሚባለውን ሥሩ የቀላ አትክልት ቅጠል ያለ ምንም ጨው፣ ካለፈው ዓመት ሱንኪ ቆንጥረው እየጨመሩ የሚያቦኩት ነው። ብርድ ሲገባ ነው የሚዘጋጀው፤ ስለዚህ በጾመ ነቢያት ለሚሄድ ሰው ወቅቱ ነው። ሴትዮዋ እንዴት እንደሚሠራ በእጃቸው እያሳዩ፣ እማዬ ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ በእጇ እያሳየች፣ እኔ መካከል ላይ መተርጎሙን ተውኩት።

ለእማዬ ጉልበት ዝቅተኛ ወንበር አስቀድሜ ለምኜ ነበር። ይህን አትርሱ። መሬት ላይ መቀመጥ ከመሬት የመነሳትን ያህል አይከብድም፤ አዛውንት ሰው የሚያምመው ሲነሳ ነው። ፍራሹም ሁለትና ሦስት ተደራርቦ ሲነጠፍ ከፍ ስለሚል ለመነሳት ይቀላል፤ ጠይቁ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ አይጠፋም። ደረጃ የማይወጣ ሰው ካለ ምድር ቤት ክፍል፣ ሽንት ቤት ቅርብ የሆነ ብላችሁ በስልኩ ጊዜ አስመዝግቡ።

መታጠቢያው የበለጠ ያሳሰበኝ ነበር። ገንዳው የኪሶ ጥድ ነው። ይህ እንጨት በኤዶ ዘመን «አንድ ዛፍ፣ አንድ አንገት» እየተባለ የቆረጠው ሰው በሞት የሚቀጣበት ነበር፤ ዛሬ ውሃው ሲነካው ክፍሉን ሁሉ የዕጣን ያህል ያውደዋል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከገንዳው ውጭ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና መታጠብ፣ አረፋውን በደንብ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ለመሞቅ ብቻ ገንዳው ውስጥ መግባት። ውሃው ለቤተሰቡም ለቀጣዩም እንግዳ ስለሆነ የገንዳው ውታፍ አይነቀልም፣ ሲጨርሱ ክዳኑ ይመለሳል። ማተብ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ማንም አያያችሁም።

ግን አንድ አደጋ አለ፤ የደም ግፊት ያለበት ወላጅ ካላችሁ በቁም ነገር ያዙት። የሚለበስበት ክፍል በረዶ ነው፣ ውሃው ደግሞ 41 ወይም 42 ዲግሪ። ሽማግሌ ሰው ከዚያ ብርድ ወደዚያ ሙቀት በአንዴ ሲገባ ግፊቱ ይዋዥቃል፤ ጃፓን ውስጥ በብርድ ወራት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚሞቱ አዛውንቶች ብዙ ስለሆኑ ጃፓኖቹ ራሳቸው «ሂት ሾክ» ብለው ያስጠነቅቃሉ። እማዬ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ስለዚህ ከእራት በፊት አስገባኋት፣ መልበሻው ውስጥ ቀድመን ማሞቂያ አበራን፣ በመቅጃው ከእግሯ ጀምራ ውሃ እንድታፈስ ነገርኳት፤ ገንዳው ውስጥ ብዙ እንዳትቆይ፣ ስትነሳም ቀስ እንድትል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በየጊዜው «እማዬ!» እያልኩ እጣራለሁ፤ እሷ «አቤት፣ አልሞትኩም፣ ተወኝ» ትለኛለች። ስትወጣ ዩካታውን፣ ቤቱ የሚሰጠውን የቤት ልብስ፣ ቀኙን በግራው ላይ ደርባ ለብሳለች። ሴትዮዋ ፈጠን ብለው ግራውን ከላይ አደረጉላት። የእሷ አደራረብ የሬሳ ነው።

በማግስቱ ማታ ቡና ሆነ። እማዬ ጀበናዋን ልብሷ ውስጥ ጠቅልላ አምጥታለች። ቡናው ግን አዲስ አበባ ተቆልቶ የመጣ ነው፤ ጥሬ ቡና ጃፓን ሲገባ የዕፅዋት ምርመራ ወረቀት ስለሚጠየቅ የተቆላውን አስይዟቸው። ዕጣን ልታጨስ ስትል እምቢ አልኳት፤ ቤቱ እንጨት ነው፣ የጭስ መጠቆሚያም አለው። ሴትዮዋ ግን ሳሎኑ መካከል ያለውን የመሬት ምድጃ ከፈቱልን፤ ፍም ላይ የብረት ጉልቻ አለ፣ ጀበናዋ ልክ ተቀመጠችበት። ባለቤታቸው አሽትተው «ሞካ!» አሉ። የኢትዮጵያ ቡና ጃፓን ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የሚሸጠው ሞካ እየተባለ ነው፤ ሀገሩን ባያውቁትም ጠረኑን ያውቁታል። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ላይ ባልየው ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው ሲያዩ ዓይኔ ውስጥ ገቡ። እኒህ ሰዎች ለእንግዳ ቁርስ ሊያበስሉ ሳይነጋ ይነሳሉ፤ ቤቱ ከሦስት ሰዓት ማታ በኋላ ጸጥ ይላል፣ ግድግዳውም ወረቀት ነው። እማዬን በረካው ለነገ ይደር ብዬ ለማሳመን ትንሽ ተከራከርን። ምሽት ላይ የምትሠሩት ነገር ካለ መቼ እንደሚተኙ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ «ቆዩ» ቢሏችሁም አትመኗቸው።

ሂሳቡ በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ካርድ የሚቀበሉ ቤቶች ጥቂት ናቸው። ሳትነሱ ከናጎያ አውጡ። የውጭ ካርድ የሚቀበሉት የሰቨን ኢለቨን ሱቅና የፖስታ ቤት ኤቲኤሞች ናቸው፤ የትንሽ መንደር ፖስታ ቤት ግን ቶሎ ይዘጋል። ጉርሻ የለም። እማዬ ትራስ ሥር 5,000 የን ትታ ሴትዮዋ የረሳነው መስሏቸው ጣቢያ ድረስ ይዘውት መጡ። ቡናው የተረፈውን ስንሰጣቸው ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ለእናንተ የሚጠቅመው የጻፍኩት መልእክት ነው፤ እንዳለ ውሰዱት፣ ጃፓንኛ የሚጽፍ ሰው በፊደላቸው ይገልብጥላችሁ፦ «ሹክዮ ኖ ሪዩ ዴ፣ ኒኩ፣ ሳካና፣ ታማጎ፣ ኒዩሴይሂን፣ ካትሱኦ ዳሺ ዋ ታቤራሬማሴን። ኮምቡ ዳሺ ዋ ዳይጆቡ ዴስ።» በሃይማኖት ምክንያት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ የወተት ተዋጽኦና የቦኒቶ መረቅ መብላት አንችልም፤ የባሕር አረም መረቅ ይሆናል ማለት ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ ሚሪንና ሳኬ የሚባሉትን አልኮሎች ጨምሩበት፤ ወጥ ውስጥ ሁሉ ይገባሉ። ጾም ባይሆንም የፈረስ ሥጋ የማትፈልጉ «ባሳሺ ዋ ኬክኮ ዴስ» በሉ። ከሳምንት በፊት ላኩት፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር በስልክ ድገሙት። በምላሹ «ቾቶ…» ብለው ድምፃቸውን ከጎተቱ እምቢ ማለታቸው ነው፤ አትለምኗቸው፣ አመስግናችሁ ወደ ቱሪስት ቢሮው ደውሉና ሌላ ቤት ይፈልጉላችሁ።